በጋሽ ደጀኔ ስም

ኢብሲቱ ሚኒሶታ የገባችው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አራት፣ በነሐሴ ወር ነው። አዳማ ተወልዳ ያደገች፣ አለማያ ተምራ እዚያው ስለ አፈር ያስተማረች፣ የሚያንሾካሹክ ተማሪ በአንድ እይታ ዝም የምታሰኝ ሴት ነበረች። ይህ ከመጀመሪያው መነገር ያለበት፣ በኋላ የደረሰባትን የሰማ ሁሉ «እንዲህ ሞኝ ነበረች እንዴ?» ስለሚል ነው። ሞኝ አልነበረችም። የተማረች ነበረች፤ ያ ደግሞ ራሱን የቻለ ችግር ነው።

ኤርፖርት የተቀበላት ጋሽ ደጀኔ ነው። ጋሽ ደጀኔ ሃምሳውን ያለፈ፣ ብሉሚንግተን ካለ አንድ ሆቴል እስከ ኤርፖርት በቫን መንገደኛ የሚያመላልስ ሰው ነው። ሥራህ ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁት ግን «ሰው መርዳት» ይላል። ስልኩን የሰጣት የዘመድ ዘመድ ነበር። ስሟን በትልቅ ካርቶን ላይ ጽፎ ቆሞ አገኘችው። ሻንጣዎቿን ነጥቆ ተሸከመና ገና ከፓርኪንጉ ሳይወጡ የአገሩን ሕግ ያስረዳት ጀመር።

«እዚህ አገር ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ሰው፣ የለም ማለት ነው።»

«እኔ እኮ በስኮላርሺፕ የመጣሁ ተማሪ ነኝ። ሥራ ስለሌለኝ ቁጥሩ አይሰጥሽም ብለውኛል።»

«እሱን ነው የምልሽ። አለሽ፤ ግን የለሽም።»

ኢብሲቱ ረጅም በረራ ላይ ስለቆየች ይህን አባባል ጥልቅ ነገር መስሏት ራሷን ነቀነቀች።

የመጀመሪያ ማረፊያዋን ያገኘላትም እሱ ነው፤ ቡርንስቪል፣ ወይዘሮ ባየሽ ቤት። ወይዘሮ ባየሽ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የምትሠራ ደግ ሴት ነበረች። አንዲት ሚኒሶታ የተወለደች ልጅ አለቻት፤ እናትየው በአማርኛ ስትቆጣ ልጅቷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፣ እንዲህ እየተባባሉ አንድም ቀን ሳይግባቡ ተዋደው ይኖራሉ። ቤቱ ምንም አይወጣለትም። ችግሩ ቡርንስቪል፣ ቡርንስቪል መሆኑ ነው። የእርሻ ካምፓሱ ሴንት ፖል ነው። አውቶቡስ ይዛ ሚኒያፖሊስ ትወርዳለች፣ እዚያ ሌላ ትጠብቃለች፣ ሁለተኛው ሲመጣ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አልቋል። ከአዳማ አዲስ አበባ ሄደው ቁርስ በልተው የሚመለሱበት ጊዜ ነው።

ስለዚህ ቤት ፍለጋ ጀመረች። ከጋዜጣና ከካምፓሱ ሰሌዳ ላይ ቁጥር እየለቀመች ትደውላለች። የሚኒሶታ ሰው አንደበቱ ማር ነው። አይቆጣም፣ አያንጓጥጥም፣ አይሆንም የሚል ቃል ከአፉ አይወጣም። አነጋገሯን ትንሽ ያዳምጥና «ኦ፣ ምን ዓይነት አጋጣሚ ነው! ገና አሁን ተያዘ!» ይላታል፤ ከልቡ ያዘነ ይመስላል። ከተማው በሙሉ እሷ ከመደወሏ አንድ ደቂቃ በፊት እየተከራየ ያልቅ ነበር። አንድ ቀን አብራት የምትማር የዊስኮንሲን ፈረንጅ በዚያው ቁጥር ብትደውል ቤቱ ተመልሶ ክፍት ሆነ። «ተከራዩ ገብቶ፣ ኖሮ፣ ወጣ ማለት ነው» አለች ኢብሲቱ።

ክሪስታል የሚባል ሰፈር ያለ አንድ የአፓርትመንት ቢሮ ደግሞ ቁጭ አድርጎ አነጋገራት። ጥፍሯን ሮዝ የተቀባች ማናጀር ክሬዲት ሂስትሪዋን ጠየቀቻት።

«ምን ማለት ነው?»

«ተበድረሽ መልሰሽ የከፈልሽው ነገር።»

«እኔ ከማንም ተበድሬ አላውቅም» አለች ኢብሲቱ በኩራት። አዳማ ቢሆን በዚህ አነጋገሯ ብቻ ትታጭ ነበር። ማናጀሯ ግን የሚተላለፍ በሽታ እንዳለባት የነገረቻት ይመስል ወንበሯን ትንሽ ወደ ኋላ ሳበች።

በመጨረሻ ቤት የሰጣት ሚስተር ሊንድ የሚባል ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ ነው። ከካምፓሱ በእግር የሚደረስ አሮጌ የእንጨት ቤት ነበረው፤ ምድር ቤቱ ላይ እሱ ይኖራል፣ ፎቁን ያከራያል። ድሮ ገበሬ ነበር። ምን እንደምትማር ጠይቋት አፈር ስትለው ክሬዲቱንም ሶሻሉንም ረስቶ ስለ ልጅነት ማሳው ጥቁር አፈር እስኪበቃው አወራላት። ቁልፍ ሲሰጣት አንድ ነገር ብቻ አሳሰባት።

«ጋዝና መብራት በተከራይ ነው። ደውይላቸውና በስምሽ አስገቢ።»

ይህችን ምክር ሰምታ ቢሆን ኖሮ የሚተረክ ነገር አይኖርም ነበር። ግን ፍራሿን በቫኑ የጫነላት ጋሽ ደጀኔ ነበርና ነገረችው። ጋሽ ደጀኔ ፍራሹን ደረጃው ላይ አቁሞ ሳቀ።

«ደውይ አለሽ? ፈረንጅ እኮ ሶሻሉን ይዞ ነው የሚወለደው፣ እሱ ምን ያውቃል! ኮል አድርገሽ ሶሻል ሲሉሽ ምን ልትይ ነው? የለኝም ካልሽ ፋይል ይከፈትብሻል። ፋይል ተከፈተ ማለት ደግሞ ቪዛሽ ውስጥ ገባ ማለት ነው።»

ኢብሲቱ አንድ ሰው ስለ አፈር አሲድነት ቢነግራት ከየት አመጣኸው ብላ የምትሞግት ሴት ናት። ስለ ፋይሉ ግን ምንም አልጠየቀችም። ሰውየው ሲናገር ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም።

«ታዲያ ምን ይሻለኛል?»

«እኔ እያለሁ?» አለ ጋሽ ደጀኔ። እዚያው ደረጃው ላይ እንዳለ ስልኩን አውጥቶ ለሁለቱም ድርጅቶች ደወለ። በእንግሊዝኛ እየጮኸ ስሙን ፊደል በፊደል ቆጠረላቸው። ሲጨርስ «አለቀ። በስሜ ነው» አላት። ኢብሲቱ እጁን ልትስም ምንም አልቀራትም።

በስሜ ነው የሚለው ቃል ምን ምን እንደያዘ የገባት ቀስ በቀስ ነው። በመጀመሪያ ትርፍ ቁልፉን ጠየቀ። «ጋዝ ነው፤ ቢፈነዳ ማን ነው የሚጠየቀው? እኔ። በስሜ ነው።» ሰጠችው። ቀጥሎ እሷ ትምህርት ላይ ስትሆን እየመጣ ቤቱን ይቃኝ ጀመር። መምጣቱን ራሱ አይደብቅም፤ ማታ ይደውልና «የመታጠቢያ ቤቱን መብራት አብርተሽ ሄደሻል። ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ ያለው አይብ ሊበላሽ ነው፣ ቅመሽው» ይላታል። ሳንቲም አልበላባትም። ቢል ሲመጣ የመጣውን ብቻ ነው የሚቀበላት። ቢበላባት ይሻል ነበር፤ ሌባ ይባላል፣ ነገሩም ያበቃል። ደግ ሰውን ግን ምን ብለው ያባርሩታል?

ኅዳር ላይ ቅዝቃዜው ሲጠና ጋሽ ደጀኔ የማሞቂያው መቆጣጠሪያ ላይ ዓይኑን ጣለ። ስልሳ ላይ አደረገው። በፋራናይት ስልሳ ማለት በሴንቲግሬድ አሥራ አምስት ገደማ ነው፤ ሰው አይሞትም፤ ግን ካፖርት ለብሶ ነው የማይሞተው። ኢብሲቱ ከፍ ስታደርገው መጥቶ ዝቅ ያደርጋል፤ ከፍ፣ ዝቅ፣ ከፍ፣ ዝቅ። አንድ ቀን ከትምህርት ስትመለስ መቆጣጠሪያው በነጭ ፕላስተር ዙሪያውን ታሽጎ፣ በላዩ ላይ በትልልቅ ፊደል «አትንኪ» ተብሎ ተጽፎ አገኘችው።

ልንካው አልንካው እያለች ፕላስተሩ ፊት ቆመች። ይህች ሴት ሰማንያ ተማሪ ፊት ያለ ማይክራፎን ያስተማረች ናት። ሄዳ ሁለተኛ ካልሲ ደረበች።

ገና ካለፈ በኋላ፣ በአንድ እሑድ፣ ፀጉሯን ታጥባ ፎጣ ጠምጥማ ሳለ በሩ ተከፈተ። ጋሽ ደጀኔ ከዳላስ የመጡ እንግዶቹን፣ ባልና ሚስት፣ ይዞ ገባ።

«ይቺ ናት ያልኳችሁ!» አለ። «ስትመጣ ምንም የላት። መብራቱን ያስገባሁላት እኔ ነኝ።» ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ማብሪያ ያዘና አጠፋው፣ አበራው። «አያችሁ?»

የዳላሱ ሰውዬ ቀና ብሎ አምፖሉን አየና «እግዚአብሔር ይስጥህ» አለ። ሚስቱ ደግሞ ኢብሲቱን በአዘኔታ እያየች ከቦርሳዋ ማስቲካ አውጥታ ሰጠቻት።

ኢብሲቱ እንግዶቹ እስኪወጡ ፈገግ ብላ ቆየች። ማስቲካውን እያኘከች ሰኞ ጠዋት ለጋዝ ድርጅቱ ደወለች። በስሟ ልታስገባ አልነበረም፤ እሱ እንደማይሆን ታውቃለች። የደወለችው አንድ ሰው ጋዙ በስሙ ስለሆነ የሌላውን ሰው ሙቀት የመወሰን መብት አለው ወይ ብላ ለመጠየቅ ነው። ስሟን ላለመናገር ወስናለች፤ ፋይሉን ፈርታ።

ስልኩን ያነሳችው ሴት ጥያቄውን ሁለት ጊዜ አስደገመቻት። «ይቅርታ፣ ቤቱ ውስጥ የሚኖረው ማነው?»

«እኔ።»

«ታዲያ ለምን በራስሽ ስም አታደርጊውም?»

«ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የለኝም» አለች ኢብሲቱ፣ ወንጀል እንደሚናዘዝ ሰው ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ፓስፖርት አለሽ?»

«አለኝ።»

«የኪራይ ውልስ?»

«አለኝ።»

«በቃ እሱን ፋክስ አድርጊልን። ትንሽ ማስያዣ ይኖረዋል፤ ሌላ ነገር ልረዳሽ የምችለው አለ?»

የመብራቱም እንደዚያው ሆነ። ሁለቱም ስልክ ሲያልቅ የቀዳችው ሻይ ገና ያቃጥል ነበር። ኢብሲቱ ካፖርቷን እንደለበሰች ወንበሩ ላይ ብዙ ቆየች። ጋሽ ደጀኔን መስደብ ፈለገች፤ ስድቡ ግን ዞሮ ዞሮ ወደ ራሷ ይመጣል። እሱ አይቻልም አለ እንጂ እጇን አልያዘም። አከራይዋ ደውይ ብሏታል። ስልኩ ጠረጴዛዋ ላይ ነበር። ምርምር ልትማር ባሕር ተሻግራ መጥታ አንድ ስልክ ሳትደውል ክረምቱን ልትጨርስ ነበር። ተነሳችና ፕላስተሩን ላጠችው። ሰባ አምስት ላይ አደረገችው። ካፖርቷን አወለቀች፣ ካልሲዎቿን አወለቀች፣ በባዶ እግሯ ቤቱን ዞረችው።

ወረቀቶቹን በማግስቱ ፋክስ አደረገች። ጋሽ ደጀኔ በስሙ የነበረው መዘጋቱን ድርጅቶቹ ሲያሳውቁት እሷ ጋ አልደወለም። ሌላ ሰው ሁሉ ጋ ደወለ። ዜናው ዞሮ በወይዘሮ ባየሽ በኩል ደረሳት።

«ምን አድርገሽው ነው ልጄ?» አለቻት በስልክ። «ስሜን አውጥታ ጣለችው እያለ ምግብ አልበላ አለ እኮ። የሰው ስም እንደዚህ ይጣላል?»

ቅዳሜ ሽማግሌ መጣ። አንደኛው አቶ ሳህሉ ናቸው፤ አገር ቤት የወረዳ ዳኛ የነበሩ፣ እዚህ የመኪና ማቆሚያ የሚጠብቁ፣ ከረባታቸውን ሲያስተካክሉ አሁንም ችሎት የሚሰየሙ የሚመስሉ ሰው። ሁለተኛው ኦቦ ባይሳ፣ ከባድ መኪና ነድተው ጡረታ የወጡ፣ ሳቅ የሚቀናቸው። ጋሽ ደጀኔ ከኋላቸው አንገቱን ደፍቶ ገባና ፍሪጁን ሳይከፍት ተቀመጠ። ይህ ብቻውን የሐዘኑን ጥልቀት ያሳይ ነበር።

«ነገሩን ከሥሩ እንየው» አሉ አቶ ሳህሉ። «ደጀኔ፣ ቅሬታህን አሰማ።»

«ምን እላለሁ?» አለ ጋሽ ደጀኔ። «ኤርፖርት የተቀበልኳት እኔ። ፍራሽ የተሸከምኩ እኔ። ሰው ልብስ ይሰጣል፣ እንጀራ ይሰጣል። እኔ ስሜን ነው የሰጠኋት! እሷ ግን ሳትነግረኝ፣ ከኋላዬ፣ በስልክ አስወጣችኝ።»

አቶ ሳህሉ በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁና ሻርፓቸውን ፈቱ። «ልጄ፣ ምን ትያለሽ?»

«ስማቸውን ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ» አለች ኢብሲቱ። «ግን እኔም ስም አለኝ።»

ኦቦ ባይሳ ሳቃቸው አመለጣቸው። «እውነቷን እኮ ነው! ኢብሲቱ ማለት በኛ ቋንቋ የምታበራ ማለት ነው። ደጀኔ፣ አንተ ለመብራት መብራት ነው ያስገባኸው?»

«ቀልዱን እናቆየው» አሉ አቶ ሳህሉ፤ ካፖርታቸውን እያወለቁ። ቆየት ብለው ሹራባቸውንም አወለቁ። ግንባራቸው ላብ አውጥቷል፤ ፊታቸው ግን የማያውቀው ምቾት ውስጥ እንደገባ ሰው ፈታ ብሏል። «ለመሆኑ ይሄ ሙቀት ስንት ነው?»

«ሰባ አምስት።»

ጋሽ ደጀኔ የተወጋ ይመስል ቃተተ። «ሰባ አምስት!»

«እኛ ቤት ስልሳ ነው» አሉ አቶ ሳህሉ።

«ለምን?» አለች ኢብሲቱ።

«ከዚያ ካለፈ ቱቦው ይፈነዳል ብሎኝ ነዋ፤ ደጀኔ።»

ኢብሲቱ ቀስ ብላ ጠየቀች። «ይቅርታ አባባ፣ የእርስዎም በጋሽ ደጀኔ ስም ነው?»

«ከመጣሁ ጀምሮ።»

«ግን እርስዎ እኮ ነዋሪ ነዎት። ሶሻል አለዎት።»

«አለኝ። ግን ክሬዲትህ ገና ጥሬ ነው ብሎኛል።»

«እኔንም ጥሬ ነው ብሎኝ ነበር!» አሉ ኦቦ ባይሳ፣ ከወንበራቸው ብድግ ብለው። አሁን አይስቁም። «ከሳህሉ በፊት አሜሪካ የገባሁትን ሰውዬ! አንተ ደጀኔ፣ መቼ ነው የሚበስለው?»

ጋሽ ደጀኔ አንዱን ሽማግሌ አየ፣ ሌላውን አየ። «እናንተን ከጣጣ ላድን ብዬ ነው» አለ በቀጭን ድምፅ። «ሰው ራሱ ከደወለ ይሳሳታል።»

ይህን ጊዜ ኢብሲቱ ነገሩ የተፈረደ መስሏት ነበር። ተሳስታለች። አቶ ሳህሉ ላባቸውን ጠርገው፣ ከረባታቸውን አስተካክለው፣ ውሳኔውን በችሎት ድምፅ አሰሙ። ደጀኔ ቁልፉን ይመልስ፤ እሷ ደግሞ ታላቋ ነውና ለክብሩ ተነስታ ይቅርታ ትጠይቀው። «ጥፋቱ የማን ነው ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ» አሉ። «ሽምግልና ነው፤ ፍርድ ቤት አይደለም።»

ኢብሲቱ ተነስታ ይቅርታ ጠየቀች። ጋሽ ደጀኔ ግንባሯን ሳማት። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ እጁ ትንሽ ዘገየ፤ ለአንድ አፍታ አሳዘናት። ሁሉም ወጡ። ብዙም ሳይቆይ አቶ ሳህሉ ጓንቴን ረሳሁ ብለው ተመለሱ። ጓንቱ እጃቸው ላይ ነበር።

«የደወልሽበትን ቁጥር እስቲ» አሏት በሹክሹክታ።

ኦቦ ባይሳ መንገድ ላይ ሆነው በስልክ ጠየቋት። በሳምንቱ የማታውቃቸው ሰዎች ይደውሉላት ጀመር፤ የብሩክሊን ፓርክ ሰው፣ የሪችፊልድ ሰው። ሁሉም ማንነታቸውን ሳይናገሩ ቁጥሩን ብቻ ይጠይቃሉ። ጋሽ ደጀኔ ስንት ቤት በስሙ እንዳበራ ያኔ ነው የታወቀው፤ ግማሽ ሰፈር ነበር። የካቲት ሲያልቅ ሁሉም በየስሙ ገብቶ፣ ሁሉም ሰባ አምስት ላይ አድርጎ፣ በቲሸርት ተቀምጦ ስለ ኢብሲቱ ያማ ነበር። ሽማግሌ የማታከብር፣ ያጎረሰ እጅ የምትነክስ፣ ትምህርት ያበላሻት። ወይዘሮ ባየሽ ይህን ስትነግራት ከኋላዋ ልጅቷ በእንግሊዝኛ «ማም፣ ሙቀቱን ቀንሺው!» እያለች ትጮህ ነበር።

በሚቀጥለው ነሐሴ መጨረሻ ኢብሲቱ ሲዳር ሰፈር ያለ ምግብ ቤት ገባች። ጥግ ላይ ጋሽ ደጀኔ ተቀምጧል፤ ወፍሯል፣ ፊቱ በርቷል። ፊት ለፊቱ ገና ከአውሮፕላን የወረዱ የሚመስሉ ሁለት ተማሪዎች አሉ፣ ሙሊሳና ሩት። ትልቅ ትሪ ጥብስ ቀርቦላቸዋል። ጋሽ ደጀኔ ጣቱን አንስቶ «አለሽ፤ ግን የለሽም» ሲል ሰማችው።

ቀጥ ብላ ወደ ጠረጴዛው ሄደች። «ይቻላል» አለች፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም። «ያለ ሶሻል ይቻላል። በፓስፖርትና በኪራይ ውል ይሆናል። እኔ ራሴ ደውዬ ነው ያስገባሁት።»

ተማሪዎቹ እሷን አዩ፤ ከዚያ ጋሽ ደጀኔን አዩ። እሱ ከኤርፖርት አምጥቷቸዋል፣ ሻንጣ ተሸክሞላቸዋል፣ ጥብስ አዞላቸዋል። እሷ ደግሞ ከየት እንደመጣች የማትታወቅ፣ ቆማ የምትጮህ ሴት ናት።

«እህቴ፣ ይቅርታ» አለች ሩት በትሕትና። «ግን ፋይል ይከፈትባችኋል ብለውናል።»

«የምን ፋይል?»

«እሱን አልጠየቅንም።»

ጋሽ ደጀኔ አልተቆጣም። እንዲያውም ወንበር ሳበላት። «ቁጭ በይ ልጄ፣ ባዶ ሆድሽን ነው የምትናገሪው» አለና ወደ አስተናጋጁ ዞረ። «ለሷም ጥብስ ጨምሩ! በእኔ ነው!»

ኢብሲቱ ጥላው ልትወጣ ፈልጋ ነበር። ግን ከጠዋት ጀምሮ ላቦራቶሪ ውስጥ ስለዋለች እህል አልቀመሰችም፤ ጥብሱም ገና እየተንጣጣ ነበር። ተቀመጠች። ናፕኪን አንስታ ሁለቱን የስልክ ቁጥሮች በጥንቃቄ ጻፈችና ወደ ሩት ገፋ አደረገችላት። ሩት ጎንበስ ብላ አመሰገነቻት። ሲበሉ ቆዩ፤ ጋሽ ደጀኔ ስለ ቱቦ አወራ። ጥብሱ ሲያልቅ ሩት ናፕኪኑን አንስታ እጇን ጠረገችበት።